የ«በርዘኽ» ታሪክና የአማርኛ ፍቺው

ከዐረብኛ የሚመጡ የሃይማኖት ቃላት የመዝገበ ቃላት አዘጋጅን ከሚያስቸግሩበት ምክንያት አንዱ፥ የቅርብ አቻ የሚመስለው ቃል ሁልጊዜ ትክክለኛው አለመሆኑ ነው። «ጀሀነም» ለአማርኛ ተርጓሚ አያስቸግርም። ምንጩ በኢየሩሳሌም አጠገብ ያለው የሄኖም ሸለቆ የዕብራይስጥ ስም ሲሆን፥ ኖልዴክ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ቃሉ ወደ ዐረብኛ የገባው በግእዙ «ገሃነም» በኩል እንደ ሆነ አስረድቷል። «ጀነት»ም ከ«ገነት» ጋር በሥርም በፍቺም ይገጥማል። «በርዘኽ» ግን እንዲህ አይደለም።

ቃሉ በቁርኣን 3 ጊዜ ይገኛል። በአል-ፉርቃን (25፥53) እና በአር-ረሕማን (55፥20) ሁለት ባሕሮች እንዳይደባለቁ በመካከላቸው የተደረገ ግርዶ ማለት ነው። በአል-ሙእሚኑን (23፥100) ደግሞ፥ ወደ ምድር ተመልሶ መልካም ለመሥራት የሚለምነውን ሟች እስከ ትንሣኤ ቀን የሚያግደው ግርዶ ነው። እንግዲህ ቃሉ በመጀመሪያ ወሰንን እንጂ የሥቃይም ሆነ የተድላ ስፍራን አያመለክትም።

ከዚያ በኋላ ፍቺው እየሰፋ ሄደ። ሐዲሶች በመቃብር ስለሚደረገው ምርመራ ይናገራሉ፤ ሙንከርና ነኪር የሚባሉት የመርማሪዎቹ መላእክት ስሞችም የተገኙት ከሐዲስ እንጂ ከቁርኣን አይደለም። ከሙዕተዚላ ወገን አንዳንዶች የመቃብርን ቅጣት ባይቀበሉም፥ የሱኒ ሊቃውንት የእምነት አንቀጽ አድርገው አጸኑት። በ1350 እ.ኤ.አ. የሞተው ኢብን አል-ቀዪም «ኪታብ አር-ሩሕ» በተባለው መጽሐፉ፥ ሙታን የሚጎበኟቸውን ሕያዋን ያውቁ እንደ ሆነ እስከ መመርመር ደርሷል። በዚህ አኳኋን ወሰን የነበረው ቃል የዘመንና የሁኔታ ስም ሆነ፤ ጻድቁም ኃጥኡም ፍርዱን የሚጠብቅበት ማለት ነው።

ታዲያ ለዚህ ቃል ቅርቡ አቻ «ሲኦል» ሊመስል ይችላል። በጥንታዊው ዕብራይስጥ ሲኦል የሙታን ሁሉ ማደሪያ ነበርና። በአማርኛ ግን ቃሉ የኃጥኣን ነፍሳት የሚሠቃዩበት ስፍራ ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ «በርዘኽ»ን «ሲኦል» ብሎ መተርጎም ትርጉምን ማዛባት ብቻ ሳይሆን በሟች ላይ መፍረድም ይሆናል። አባቱን የቀበረ ሙስሊም መዝገበ ቃላቱን ገልጦ ቢመለከት፥ ለአላህ የተተወውን ፍርድ አዘጋጁ አስቀድሞ ሰጥቶ ያገኘዋል።

ከዚህ የተነሣ ቃሉ እንዳለ ተወስዶ እንዲህ ቢፈታ የተሻለ ነው እንላለን፦

በርዘኽ (ስም፥ ከዐረብኛ)፦ 1. ግርዶ፥ መለያ፥ ወሰን። 2. በእስልምና እምነት ከሞት እስከ ትንሣኤ ያለው ዘመንና የነፍሳት ሁኔታ።

የመጀመሪያው ፍቺ ከሁለተኛው መቅደም ይገባዋል፤ ሁለተኛው የተወለደው ከእርሱ ነውና።