የይፋት ገመና በካይሮ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የሸነቆረውን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ቁልቁል ወርዶ፣ የደረበውን ሹራብ አውልቆ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ የሚያየው ማንጎ፣ ሽንኩርት፣ ማሾና ማሽላ ነው። ብዙው መንገደኛ ምሳውን በልቶ ያልፋል። ከተማዋን ሳያያት በስም ብቻ የሚያውቃት ደግሞ በእስር ቤቷ ነው የሚያውቃት። እኛ ግን ዛሬ ልናወራችሁ የፈለግነው ይህ ቆላ ካይሮ ድረስ ስሙ ስለሚታወቅበት ዘመን ነው። ስለዚያ ዘመን ይፋት ከምናውቀው ዋናውን ክፍል ያገኘነው በአንድ ሰው ምክንያት ነው። ሰውዬው ከአገሩ ርቆ ካይሮ ተቀምጦ፣ ለማያውቀው ሰው የአገሩን ፖለቲካ አወራ። ያ ሰው ደግሞ ጻፈው።

ያወራው ሰው ሼኽ ዐብደላህ አዝ-ዘይለዒ ይባላል። ጊዜው 1330ዎቹ ነው (በዚህ ጽሑፍ “ዓ.ም.” ካላልን በስተቀር አቆጣጠራችን የፈረንጆቹ ነው)። “ዘይለዒ” ማለት የዘይላ ሰው ማለት ነው። ዘይላ የይፋት መንግሥት የባሕር በር ስለነበረች፣ ካይሮዎች ከወዲህ የሚሄደውን ሙስሊም በወደቡ ስም “ዘይለዒ” ይሉት ነበር። ሌላው የሚታወቅበት ስም “ጀበርቲ” ነው።

የጻፈው ሰው ኢብን ፈድለላህ አል-ዑመሪ ነው። በ1301 ደማስቆ ተወልዶ በ1349 ያረፈ፣ የማምሉክ ሱልጣኖች ጽሕፈት ቤት ሹም የነበረ ሰው። ሥራው ከሩቅ ነገሥታት ጋር የሚጻጻፍ መንግሥት ውስጥ ስለነበር የትኛው ንጉሥ የት እንዳለ፣ ስንት ጦር እንዳለው፣ በምን ማዕረግ እንደሚጠራ ማወቅ ነበረበት። አበሻ አገርን በእግሩ አልረገጠም። የሚያደርገው ነገር ካይሮ የገባውን እንግዳ መያዝና መጠየቅ ነው። የማሊውን ንጉሥ የማንሳ ሙሳን በ1324 ካይሮ ማለፍና የበተነውን ወርቅ ጉዳይ የጻፈው እንዲሁ ያዩትን ሰዎች እየጠየቀ ነበር። ጋዜጠኝነት ስንማር “ምንጭህን ጥቀስ” እያሉ ጆሯችንን ያደነቆሩን መምህራኖቻችን ይህን ሰው ቢያውቁት ይወዱት ነበር፤ ምንጩን በስም ይጠቅሳል።

እንግዲህ ዐብደላህ ምን አለ? በመጀመሪያ ማንም ከአገሩ ርቆ የሚያወራ ሰው የሚያወራውን አወራ፤ አገሬ ሰፊ ናት፣ አገሬ ለም ናት። የይፋት ስፋት በአንድ ወገን 15 ቀን፣ በሌላው 20 ቀን የሚያስኬድ ነው። 15 ሺህ ፈረሰኛ፣ 20 ሺህ እግረኛ አለው። ሸንኮራ አለ፣ ሙዝ አለ፣ ሎሚ አለ። የሚገበያዩት በግብፅ ዲናርና ድርሃም ነው፤ ጎረቤታቸው ደዋሮ ግን በብረት ቁራጭ ይገበያያል። (ይህቺ “እኛ በዶላር ነው” የምትመስል ነገር ዛሬም አልጠፋችም።)

ስለ ጫትም አወራ። ቅጠሉ አእምሮን ያነቃል፣ እንቅልፍና ምግብ ያስቀራል፣ ከሴት ጋር መተኛትንም ይቀንሳል ተብሎ ተጽፏል። አብሮት አንዲት ጨዋታ አለች። ከዚህ አገር የሄደ ሰው የየመን ንጉሥ ባለሟል ይሆንና ጫትን ያወድስለታል። ንጉሡ ጥቅሙን ጠይቆ ሲነገረው፣ ከዚህ ዓለም ደስታ የቀረኝ መብላት፣ መተኛትና እሱ ነው፣ ለምን ብዬ ገንዘቤን የማወጣበትን ሁሉ አጠፋለሁ ብሎ እንቢ አለ። ከ700 ዓመት ገደማ በፊት የተወራ ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ወሬው ወደ ፖለቲካ የሚገባው። የሙስሊሙ አገር ሰባት መንግሥት ነው ይላል፤ ይፋት፣ ደዋሮ፣ አረባብኒ፣ ሐድያ፣ ሸርኻ፣ ባሌ፣ ዳራ። ሰባቱም የራሳቸው ንጉሥ አላቸው፤ ነገር ግን ሁሉም ለአማራው ንጉሥ ይገብራሉ። አንዱ ሲሞት የሟቹ ዘመዶች ስጦታ ተሸክመው ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ይሄዳሉ፤ እሱ ከመካከላቸው የመረጠውን ይሾማል። ሰባቱ አንድ ቢሆኑ ኖሮ ራሳቸውን መከላከል በቻሉ ነበር፤ ግን ደካሞች ናቸው፣ የተበታተኑ ናቸው፣ እርስ በእርስም ይቀናናሉ።

ይህቺን የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ስናነብ ቆም ብለናል። አል-ዑመሪ ሰባቱን ነገሥታት አያውቃቸውም። ይህ የአገር ልጅ ብስጭት ነው፤ በየሱልጣኑ ግቢ ተዙሮ፣ ከዚህም ከዚያም ተሞክሮ ተስፋ ሲቆረጥ የሚመጣ ንግግር ነው። ዐብደላህ ይፋት ላይ ወይም ደዋሮ ላይ ሆኖ ይህን ቢናገር “የማን ወገን ነህ?” ይባል ነበር። ካይሮ ላይ ግን ማን ይጠይቀዋል? አገር ቤት የማንደፍረውን ለባዕድ እንዘረግፋለን። ገመና የሚወጣው እንዲህ ነው፤ እንዲህ ባይወጣም ኖሮ ዛሬ የይፋትን ገዢዎች የምናውቃቸው የጠላታቸው ጸሐፊ በሳላቸው መልክ ብቻ በሆነ ነበር።

ለነገሩ ዐብደላህ ካይሮ የከረመው ለጨዋታ አልነበረም። አቤቱታ ይዞ ነው። የአማራው ንጉሥ መልዕክተኛ ካይሮ መግባቱን ተከትሎ ወደ ሱልጣኑ ግቢ ቀረበና አንድ ነገር ለመነ፤ የእስክንድርያው ፓትርያርክ ለንጉሡ ደብዳቤ ይጻፍልን፣ ሙስሊሙን ከመበደል ይታቀብ ይበለው። ብልህ ሰው ነው። የኢትዮጵያ ጳጳስ ከእስክንድርያ እንደሚሾም ያውቃል፤ ንጉሡ ከማንም በላይ የማንን ቃል እንደሚሰማ ያውቃል። ፓትርያርኩ ደግሞ የሱልጣኑ ተገዢ ነው። ሱልጣኑ አዘዘ፣ ፓትርያርኩ ጻፈ። አል-ዑመሪ ደብዳቤውን ጥሩ ደብዳቤ ነበር ብሎ ያሞግሳል።

አሁን ወደ ሌላኛው ወገን እንሻገር፤ ያኛውም ካይሮ ውስጥ ሰው ነበረውና። የዐምደ ጽዮን (1314–1344) መልዕክተኞች በ1325 ገደማ ሱልጣን አል-ናስር ሙሐመድ ዘንድ ቀርበው ነበር። አቤቱታቸው ምን ነበር? የግብፅ ክርስቲያኖች ተበደሉ፣ አብያተ ክርስቲያናት ፈረሱ፤ ካልታነጹ እኛም በአገራችን ያሉትን መስጊዶች እናፈርሳለን፣ ዐባይንም እንመልሰዋለን። ሱልጣኑ ሳቀባቸውና ሸኛቸው። ዐባይን የመመለሱ ዛቻ ያኔም ነበር እንግዲህ።

ሁለቱን አቤቱታዎች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። የንጉሡ ሰው ካይሮ ሄዶ የሚያለቅሰው ካይሮ ስለሚበደሉት ክርስቲያኖች ነው። ዐብደላህ እዚያው ካይሮ ሄዶ የሚያለቅሰው በንጉሡ አገር ስለሚበደሉት ሙስሊሞች ነው። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። በእጃቸው ስላለው ግን ሁለቱም ዝም ብለዋል። የንጉሡ ሰው መስጊድ ማፍረስን የሚያነሳው እንደ መደራደሪያ ነው። የይፋቱ ገዢ ሐቀዲን ደግሞ ከካይሮ ወደ ንጉሡ ሲመለስ የነበረን መልዕክተኛ መንገድ ላይ ይዞ አስሮ አስገድሏል፤ ይህን የሚነግረን ዐብደላህ ሳይሆን የዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ነው። የአንዱን ኃጢአት ለማወቅ የሌላውን መጽሐፍ መግለጥ ግድ ነው።

ዜና መዋዕሉ በ1332 ስለሆነው ጦርነት በሰፊው ያትታል። የሐቀዲን ወንድም ሰብረዲን ተነሣ፣ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠለ፣ በንጉሡ አገር ላይ ሹማምንት እሾማለሁ አለ፤ ዐምደ ጽዮን ዘመተበት፣ ይፋትን መታ፣ ሰብረዲንን አስሮ ወንድሙን ጀማለዲንን ሾመ። እዚህ መሐል ጫት ተመልሶ ይመጣል። ሰብረዲን ከፎከራቸው ፉከራዎች አንዱ የንጉሡን ከተማ መራዴን ይዤ ጫት እተክልባታለሁ የሚል ነው። ካይሮ ላይ ለየመን ንጉሥ ጨዋታ የሆነው ቅጠል ደብተራው ብራና ላይ የወረራ ምልክት ሆነ። ተክሉ አንድ ነው፤ የተወራው ለተለያየ ሰው ነው።

ይህን ሁሉ የምናነሳው ጊዜው ስላስገደደን ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጠለች፤ ሸዋ ሮቢትና አካባቢውም ሰው ተገደለ፣ ብዙ ሺህ ሕዝብ ተፈናቀለ። ዓመት ሳይሞላ፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም.፣ የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ገባና ከተማዋ ተያዘች፣ ከቀናትም በኋላ ተለቀቀች። ከዚያ ወዲህ ከአገር የወጣ ሰው ሁሉ ይጠየቃል። ከእኛ መካከል ሁለታችን ለሥልጠና ናይሮቢ በሄድንበት ጊዜ የታክሲው ሹፌር ኢትዮጵያዊ መሆናችንን እንዳወቀ “እዚያ የሚገዳደሉት እነማን ናቸው?” አለን። አንዷ የሸዋ ሮቢት ልጅ ናት፤ አጣዬ ከአክስቷ ቤት የቀረው ግድግዳ ብቻ ነው። ሌላዋ የከሚሴ ልጅ ናት፤ እሷም በዚያው ሰሞን የቀበረችው ዘመድ አላት። ሹፌሩ በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ታሪክ ሰማ። ማንኛችንም አልዋሸንም። ሰውዬው በመስታወቱ እያየን “አንድ አገር ነው የምታወሩት?” ብሎ ጠየቀ፤ ከዚያ እስከ ሆቴሉ ዝም ተባባልን።

ያ ሹፌር ግን ከአል-ዑመሪ የበለጠ ዕድል ነበረው እንላለን፤ ሁለታችንን በአንድ መኪና አገኘን። ብዙ ጊዜ ባዕዱ የሚያገኘው አንዱን ብቻ ነው። አንዱ ዋሽንግተን ይናገራል፣ ሌላው ጂዳ ይናገራል፣ ጠያቂውም ያገኘውን ይዞ ይሄዳል። ባዕድ ፊት ገመና አይወራ የሚሉ ትልልቅ ሰዎች አሉ፤ እኛ አንስማማም። ዐብደላህ ዝም ቢል ኖሮ የተጎዳው ይፋት ነው። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው፤ የራስህን ሙታን ቆጥረህ ስትጨርስ፣ ጠያቂው ሳይጠይቅህ የጎረቤትህንም ትቆጥርለታለህ ወይ? በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ካይሮ ላይ ይህን ያደረገ አላገኘንም። ናይሮቢ ላይም ያደረገው ሹፌሩ ነው እንጂ እኛ አይደለንም።

ዐብደላህ ብቻውን አልነበረም፤ ከእሱ በኋላም ወሬው አልቆመም። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ግብፃዊው ታሪክ ጸሐፊ አል-መቅሪዚ መካ ተቀምጦ ከዚህ አገር የሚመጡትን ሰዎች ጠየቀና በ1430ዎቹ ስለ አበሻ ሙስሊም ነገሥታት ትንሽ መጽሐፍ ጻፈ። የወላስማዎችን የዘር ሐረግ፣ የሰዕደዲንን ዘይላ ላይ መገደል፣ ልጆቹ ወደ የመን ሸሽተው የየመኑ ንጉሥ ፈረስ ሰጥቶ እንደመለሳቸው ያወቅነው ከእሱ ነው። ልጆቹ የተሻገሩት ባሕር ዛሬ የከሚሴና የይፋት ወጣት በጅቡቲ በኩል በጀልባ የሚሻገረው ባሕር ነው፤ አሁን ግን ፈረስ ሰጥቶ የሚመልስ ንጉሥ የለም። ይፋት ውስጥ ደግሞ አስበሪ፣ መሳል፣ ኖራ የሚባሉ የድንጋይ ከተሞች ፍርስራሽ ከነመስጊዳቸው ዛሬም ቆሟል። ከ2000ዎቹ ወዲህ ተመራማሪዎች እየለኩ መዝግበዋቸዋል፤ የወላስማዎችንም የመቃብር ድንጋይ ከነጽሑፉ አግኝተዋል። ድንጋዩ ካይሮና መካ ላይ የተወራውን ስም ይዞ ተገኘ።

የእኛ ሰዎች ካይሮ ውስጥ ተጠያቂ ብቻ ሆነውም አልቀሩም። አል-አዝሃር መስጊድ ውስጥ ከዚህ ለሚሄዱ ተማሪዎች የተለየ “ሪዋቅ አል-ጀበርቲ” የሚባል ማደሪያ ነበራቸው። ከዚህ አገር ሄዶ እዚያ የቀረ የአንድ ሰው ዘር በ1753 ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ ተባለ። በ1798 ናፖሊዮን ካይሮን ሲይዝ ፈረንሣዮቹ ከተማው ውስጥ የምርምር ቤት ከፈቱ፤ አል-ጀበርቲ ሄዶ ገባ፣ መጻሕፍታቸውን አገላበጠ፣ የኬሚስትሪ ሙከራቸውን አየ፣ ስለ ሥርዓታቸውና ስለ ግፋቸውም እያንዳንዱን ቀን መዘገበ። በዚህኛው ጊዜ ብዕሩን የያዘው የጀበርቲው ልጅ ነበር።