የራስ ቅልና ፎቶግራፍ በፍርድ አደባባይ

የአንድ ሰው ፊት ፈጽሞ በጠፋ ጊዜ ሬሳው የማን እንደ ሆነ በምን ይታወቃል? ለዚህ ጥያቄ ብዙ ድካም ከተደረገባቸው ነገሮች አንዱን ዛሬ እናወጋችኋለን።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሴፕቴምበር 29 ቀን 1935 ዓ.ም.፤ በስኮትላንድ አገር ሞፋት በምትባል ከተማ አጠገብ፤ በአንድ ገደል ውስጥ በጨርቅና በጋዜጣ የተጠቀለለ የሰው አካል ቁርጥራጭ ተገኘ። ሐኪሞች ቢገጣጥሙት የሁለት ሴቶች ሬሳ ሆነ። ገዳዩ የሰውን አካል ጠንቅቆ የሚያውቅ ነበርና የፊታቸውን ሥጋ ገፎ፤ ብዙ ጥርሳቸውንም ነቅሎ ነበር። ነገር ግን ከመጠቅለያዎቹ አንዱ በላንካስተርና በሞርካም አካባቢ ብቻ የተሸጠ የጋዜጣ እትም ነበር። ጥርስ ለመንቀል የተጠነቀቀ ሰው ጋዜጣውን አለማሰቡ ያስደንቃል! በላንካስተርም የሐኪሙ የባክ ራክስተን ሚስትና የቤት ሠራተኛይቱ ጠፍተው ነበር።

የኤዲንበርግ የአካል ጥናት ፕሮፌሰር ጄምስ ብራሽ ወይዘሮዋ የራስ ጌጥ ደፍታ የተነሣችውን ፎቶግራፍ ወሰደ። ጌጡ ተገኝቶ ስለ ተለካ ፎቶግራፉን በትክክለኛው የፊቷ መጠን ማሳደግ ተቻለ። ከዚያም የራስ ቅሉን ልክ እንደ ፎቶግራፉ አዙሮ አነሣውና ሁለቱን ምስል አንዱን በሌላው ላይ ደረበው። ሁለተኛው ቅል ከግንባር እስከ አገጭ ከወይዘሮዋ ጋር ተስማማ፤ አንደኛው ግን አልገጠመም፤ ከሠራተኛይቱ ምስል ጋር ግን ተስማማ። የጥርስ ሊቅም በበኩሉ ባዶውን የጥርስ ሥር መርምሮ፤ በሕይወት ሳሉ የተነቀለውንና በሞት ጊዜ የተነቀለውን ለየ፤ ምክንያቱም በሕያው ሰው መንጋጋ ጥርስ የወጣበት ጉድጓድ ቀስ በቀስ በአጥንት ይሞላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚመሰገነው ግን የብራሽ ጥንቃቄ ይመስለናል። የሰው ነፍስ በሚያጠፋ ክስ ላይ ቆሞ «ይህች እርሷ ናት» አላለም። «ይህ ቅል የእርሷ ሊሆን ይችላል፤ ያኛው ግን ሊሆን አይችልም» አለ እንጂ። ለአንድ ፎቶግራፍ የሚስማሙ ቅሎች ብዙ ሊሆኑ ይችላሉና፤ ምስሉ የበለጠ ኃይል ያለው የማይስማማውን በማስወገድ ነው። ስለዚህ ፍርዱ በእርሱ ብቻ አልቆመም፤ የሠራተኛይቱ የጣት አሻራም በራክስተን ቤት ካሉ ዕቃዎች ላይ ተገኝቶ ነበር።

የማንቸስተር ፍርድ ቤት በማርች 1936 ዓ.ም. ሞት ፈረደበት፤ በሜይ 12 ቀንም ተሰቀለ። ብራሽና የግላስጎው ፕሮፌሰር ጆን ግሌስተር በሚከተለው ዓመት የምርመራውን ታሪክ ከነፎቶግራፎቹ በመጽሐፍ አሳተሙት።