ግራካሕሱ የመረጣቸው ሞተሮች

አሮጌ መኪና ይዞ የሚመጣ ወጣት ሁሉ «ጋሼ፣ ምን ሞተር ልግጠምበት?» ይለኛል። ጉልበት ያለውን እንድነግረው ነው የሚጠብቀው። እኔ ግን መጀመሪያ «በየት በኩል ነው የምትነዳው?» ብዬ ነው የምጠይቀው። ከአላማጣ ወደ ኮረም የሚወጣውን የግራካሕሱን ጠመዝማዛ ጭኖ የሚወጣ ከሆነ ጨዋታው ሌላ ነው። መኪናው 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ተነሥቶ፣ በአንድ ትንፋሽ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ይወጣል። ዋግን ከውጭው ዓለም ጋር ያገናኘው ይህ ዳገት ነው፤ የትኛው ሞተር ሰቆጣ እንደሚደርስና የትኛው መንገድ ላይ እንደሚቀር የወሰነውም እሱ ነው።

ተወልጄ ያደግሁት ደሃና፣ ከአምደ ወርቅ ወጣ ብሎ ነው። እጄን ዘይት ያስነከሩኝ ኮምቦልቻ፣ ሽበት ያወጣሁት ደግሞ ሰቆጣ ነው። ስለዚህ የምጽፈው ከጋራዥ በኩል የታየውን ታሪክ ነው።

ሞተር ከመምጣቱ በፊትም ቢሆን እዚህ አገር ጭነት የሚመረጠው በዳገቱ ነበር። ሰቆጣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአሞሌ ጨው ገበያዋ የታወቀች ናት። ጨው ከአፋር በረሃ ተነሥቶ ቆላውን በግመል ያልፋል፤ ደጋው ሲጀምር ግመሉ ይቀርና በቅሎና አህያ ይረከባሉ። ነጋዴው ግመል ብዙ ስለሚሸከም ብቻ ገደል ላይ አይነዳውም ነበር። የዛሬ ልጆች ይህን ረስተው ስምንት ሲሊንደር ካልገጠምኩ ይላሉ።

አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። እንግሊዛዊው ቤንትሌይ አንዱን ከባሕር ዳርቻ እየገፋም እየነዳም አመጣው፤ ንጉሠ ነገሥቱም መንዳት ሞከሩ። ዋግ ግን ያኔ ይህን አልሰማም። ወደኛ የቀረበው ሞተር ጣልያን ይዞት የመጣው ነው። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየባቸው ዓመታት ከአሥመራ በማይጨው፣ በኮረምና በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚደርሰውን መንገድ ሠራ። መንገዱን ያጨናነቀው ሽማግሌዎች «ትሬንታ ኳትሮ» የሚሉት ፊያት 634 ነበር። ይህ መኪና እ.ኤ.አ. በ1931 ሲወጣ በናፍጣ የሚሠራ ነበር። በእኔ ግምት ሰሜኑ ቤንዚንን ትቶ ናፍጣ ያመነው ከዚያ ጀምሮ ነው። ከጣልያን በኋላ የመጣው ፊያት 682 ደግሞ፣ እኛ «ኤንትሬ» የምንለው፣ ከ10 ሊትር በላይ የሆነ ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ ሞተር ይዞ ተጎታቹን እየሳበ ይወጣ ነበር። ፍጥነት የለውም። ዳገት ላይ ረዳቱ ወርዶ በእግሩ አብሮት መሄድ ይችላል፤ ድንጋይ ይዞ ከኋላ ጎማው ሥር ለመጣል የሚዘጋጀውም እዚያው ነው። ግን ይደርሳል። ኮምቦልቻ ያስተማሩኝ ሽማግሌ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ ካንዴላ ሲሉ ሰምቼ የሙያውን ቃል የያዝኩት እነዚህን መኪናዎች ስንፈታ ነው።

አሁን ስለ አየሩ ልናገር፤ ሞተር የሚመርጥ ሰው ከሁሉ በላይ የሚረሳው ይህን ነው። ሞተር አየር ካልሳበ ጉልበት የለውም፤ አየሩ ደግሞ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ፋብሪካው 130 የፈረስ ጉልበት ብሎ የጻፈበት የላንድክሩዘር ሞተር ኮረም ላይ ወደ 100 ይወርዳል። በ2,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ሰቆጣም ቢሆን ከአምስቱ አንዱ እጅ ጠፍቷል። ካርቡራተር ያለው ቤንዚን ሞተር ደግሞ የሚመጣው ቤንዚን ሳይቀነስ አየሩ ብቻ ስለሚያንስበት ይታፈናል፣ ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል። ናፍጣውም ፖምፓው ካልተቀነሰለት ጥቁር ጢስ ይለቃል። ውኃውም አብሮ ይከዳል፤ ኮረም ላይ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የማይዝ ከሆነ ግማሽ ዳገት ላይ ቆሞ የሚጨስ መኪና ታያላችሁ። ሰዉ ሞተሩን ይረግማል። እኔ መጀመሪያ የማየው ክዳኑን ነው።

ላንድሮቨር በዚህ ሁሉ መሐል ልዩ ቦታ አለው። በንጉሡ ጊዜና ከዚያ ወዲህ ገጠር የገባው ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ የእርዳታ ሠራተኛ የሚመጣው በሱ ነበር። ባለ 2.25 ሊትር ቤንዚን ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ከ80 የፈረስ ጉልበት አይደርስም፤ ቤንዚን ግን ይወዳል። የካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ ግማሽ ያህል ጨምሮ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ ሲያቆሙ ነገሩ የከተማ ጉዳይ መስሎ ነበር። ባለ ላንድሮቨሩም ግን ያንኑ ሒሳብ ሲያሰላ ቆየ። ከዚያ ወዲህ በየጋራዡ የሚሰማው ወሬ «ናፍጣ ልግጠምበት» ሆነ። ቶዮታም እ.ኤ.አ. በ1974 ላንድክሩዘሩን በቢ ናፍጣ ሞተር አወጣው፤ ባለ 3.4 ሊትሩ ስሪ ቢ በ1980፣ ዋን ኤችዜድ በ1990 ተከተሉ። ቤንዚን የነበረ አሮጌ ላንድክሩዘር ያለው ሰው በስሪ ቢ ቢያስለውጥ የሚያስገባው የባዕድ አካል አይደለም፤ ፋብሪካው ራሱ በዚያው ዓይነት መኪና ላይ ናፍጣ ገጥሞ ሸጧል። ላንድሮቨር ላይ የቶዮታ ሞተር መግጠም ግን ሌላ ሥራ ነው። ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘውን ሰሌዳ ቶርኖ ቤት ማስቀረጽ፣ መቀመጫውን መበየድ፣ ፍሪሲዮኑን ማጣጣም ያስፈልጋል። የብረቱ ማዕከል በፀጉር ያህል ከሳተ የካምቢዮው ኩሽኔታ ይበላል፤ ባለቤቱም ካምቢዮ ሠሪውን ይወቅሳል።

አሜሪካኖች ሆት ሮድ የሚሉት ነገር አላቸው፤ የአሮጌ ፎርድ አካል አራግፈው፣ ጠንካራ ሞተር ገጥመው፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ እንደ ሙሮክ ባሉ የደረቁ ሐይቆች ወለል ላይ ይፎካከሩበት ነበር። ልጆቹ ስለ እነዚህ መኪናዎች ሲያወሩ ሞተሩን ለፍጥነት ብቻ የመረጡት ይመስላቸዋል። አይደለም። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1932 ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር በርካሽ መኪና ላይ ገጠመ፤ ሲወጣ 65 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በየቁርጥራጭ ብረት ቤቱ ሞላ፤ ወጣቱም ያገኘውን ገጠመ። በ1955 ሸቭሮሌት ባለ 4.3 ሊትሩን ቪ ስምንት ሲያወጣ ቀላልና ርካሽ ሆኖ ተገኘና የፎርዱን ቦታ ወሰደ። ፎርድ መኪና ውስጥ የሸቭሮሌት ሞተር ሲገባ ያዘነ ሰው አይጠፋም፤ ግን መለዋወጫው በየመንደሩ ይሸጣል።

እኛም ያንኑ ነው የምናደርገው፤ የኛ ቁርጥራጭ ብረት ቤት መርካቶ ሶማሌ ተራ ነው። ያገለገለ ሞተር ከዚያ ነው የሚመጣው። ስሄድ መጀመሪያ የዘይቱን ክዳን ፈትቼ ከውስጥ አያለሁ፤ እንደ ወተት ነጣ ያለ ነገር ካለ ውኃና ዘይት ተገናኝተዋል፣ ትቼው እሄዳለሁ። ነጋዴው ሲያስነሣልኝ ሞተሩ ቀድሞ ሞቆ እንደሆነ በእጄ እነካለሁ፤ የሞቀ ሞተር ጠዋት ያስቸግር እንደነበር ይደብቃል። ከዚህ ሁሉ በኋላ የማያልፉት ወረቀቱ ነው። የመኪናው ሊብሬ የሻንሲና የሞተር ቁጥር ስላለበት፣ ሞተሩ የገባበት የጉምሩክ ወረቀት ከሌለ ያ ሁሉ ብየዳ መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ በር ላይ ይቆማል። ጥሩ ሞተር ያለ ወረቀት ከማስገባት መካከለኛ ሞተር ከነወረቀቱ ይሻላል፤ በዚህ ከማንም ጋር አልከራከርም።

አንዳንድ ሰው ኦሪጅናሉ ይቆይ ይላል። ለቮልስዋገን እስማማለሁ። አፄ ኃይለ ሥላሴን መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የወሰደችው ዓይነት ቮልስ ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ ውድ ናት፤ ሞተሯ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተርም የላት፣ የምትፈላ ውኃም የላት። እሷን ሌላ ሞተር ማልበስ ነውር ነው። ላንድሮቨር ግን ከመጀመሪያው የሥራ መኪና ነው፤ ሠርቶ ካልበላ ለምን ይቆማል?

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ዋግ ሲደርስ የሞተር ምርጫ እንደገና ተፈተነ። የኮረም መንገድ ተዘጋና ዕቃ በላሊበላ በኩል ዞሮ የሚገባበት ጊዜ መጣ። ነዳጅ በሃይላንድ ጠርሙስ ይሸጥ ነበር፤ በጨርቅ አጥልለን ነው የምንቀዳው። ኮምፒውተር የሚያዘው አዲስ ሞተር ያለው መኪና አንድ ሴንሰር ሲበላሽበት ቆሞ ቀረ፤ መመርመሪያ መሣሪያውም የሚሠራበት መብራት አልነበረም። ፖምፓው ሜካኒካል የሆነ አሮጌ ናፍጣ ግን ከዳገት ላይ ተለቆ ይነሣል። ባትሪ እንኳ የሌለው ሲነሣ አይቻለሁ።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለውን ማቆየት የሚፈልገው ሰው በዝቷል። ባለፈው አንድ የደሃና ልጅ አባቱ የተዉለትን ላንድሮቨር ይዞ መጥቶ ነበር። ሻንሲው ዝገት አልያዘውም፣ አካሉ አሉሚኒየም ስለሆነ ደህና ነው፤ ሞተሩ ግን ዘይት ከቤንዚን እኩል ይጠጣል። ቱርቦ ያለው አዲስ ሞተር ነበር ያሰበው። ባለ አራት ሲሊንደር ስሪ ቢ፣ ፖምፓው ለከፍታው ተቀንሶ፣ የራዲያተሩ ክዳን አዲስ ሆኖ፣ ከነጉምሩክ ወረቀቱ ፈልግ አልኩት። «በሱማ ጋሼ፣ ማንንም አልቀድም» አለኝ። አምደ ወርቅ የገበያ ቀን ማር ጭነህ ስትወጣ ማንን ለመቅደም ነው አልኩት። ሶማሌ ተራ የሚያውቀው ሰው ካለ ብሎ ስልክ ሲደውል ተውኩትና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።