ዛሪማ ላይ እርዳታ የፈለገ ገበሬ የማንን በር ያንኳኳል?

ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ የወረደ ሰው ዛሪማ የሚደርሰው ጋቢውን አውልቆ ነው። መንገዱን ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆረጠው ነው። እኛ የከተማ ልጆች ሊማሊሞን በፎቶ፣ ስሜንን በዋልያ እናውቃቸዋለን። ከገደሉ ሥር ገበሬ እንዳለ ትዝ የሚለን ስንቶቻችን ነን?

እስቲ ከመንገዱ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1971 በንጉሡ መንግሥት የተጀመረው "አነስተኛ ፓኬጅ" ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር የሚያደርሰው መኪና በሚያልፍባቸው መንገዶች ግራና ቀኝ ነበር። ከመንገድ የራቀ ከመንግሥትም ራቀ። የየካቲት 1967ቱ አዋጅ ገበሬ ማኅበር ሲያቋቁም ግን መንግሥት ጎጥ ድረስ ገባ። ቀጥሎ "ምግብ ለሥራ" መጣ፤ እርከን ሲሠራ ለዋለ ሰው የቀን ክፍያው 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት።

ተራራው ላይ ደግሞ ሌላ መንግሥት ነበር ብንል አልተጋነነም። ስሜን በ1962 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ በ1970 ማብቂያ ከላሊበላ ጋር በዩኔስኮ መዝገብ ሰፈረ። ታዲያ ገብስ አራሹ ውስጡ እያለ ነው። በ1970ዎቹ (በፈረንጅ) አጋማሽ ፓርኩን በኃላፊነት የጠበቀው ስዊሳዊው ሃንስ ሁርኒ ከስሜን ተዳፋት የሚታጠበውን አፈር አጠና፤ ኋላም የአገሪቱን የአፈር ጥበቃ ምርምር መራ። ልብ በሉ፤ ገበሬው እርከን ሥራ የተባለበትም፣ ከዚህ ተነሣ የተባለበትም ያው ተራራ ነው። በ1989 ዓ.ም. ፓርኩ "አደጋ ላይ ያሉ" ቅርሶች ውስጥ ገባ። ምክንያት ከተባሉት አንዱ እርሻውና መንደሩ ነበር። በ2008 ከ400 በላይ የግጭ አባወራዎች ካሳ ተከፍሏቸው ደባርቅ ከተማ ሰፈሩ፤ በዓመቱ ፓርኩ ከዝርዝሩ ወጣ። ዩኔስኮ ደስ አለው። እኛ ግን ሒሳቡ ያልተወራረደ ይመስለናል።

በ1997 ሴፍቲኔት ሲጀመር መሥራት የሚችለው በወር 5 ቀን እየሠራ ይከፈለው ጀመር፤ አቅመ ደካማው ያለ ሥራ። የመጀመሪያው ክፍያ በቀን 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። ሥርዓት ሲለወጥ 3 ኪሎዋ አልተለወጠችም! ማን ይታቀፍ የሚለውን የሚለየው ቀበሌው ውስጥ ያለ ግብረ ኃይል ነው፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ይመርጣል፣ ይጥላልም። የተጣለ ሰው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለለት። እሱም እዚያው ቀበሌ ነው፤ አንዳንዴ በአንድ ቡና የሚጠጡ ሰዎች ናቸው።

እንግዲህ የዛሪማ ገበሬ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የቀበሌውን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ በር ነው፤ ቀጥሎ ወረዳው አዲአርቃይ አለ። በእጁ የመሬት ይዞታ ደብተር ይኖረዋል። ደባርቅ ከተማ የሰፈረው የግጭ ሰው ግን ግብርና ጽሕፈት ቤት ቢሄድ የሚያርሰው መሬት የለውም፤ ከተማ አስተዳደር ቢሄድ ደግሞ የሚያውቀው ሙያ እርሻ ነው።