በማደር የሚለመድ ልሳን፦ ከቅኔ ቤት እስከ ቴፒ ደን



ንግግሬን በራሴ ሽንፈት ልጀምር። በወጣትነቴ ግእዝን በዩኒቨርሲቲ ተምሬአለሁ። መንገዱ ጀርመናዊው ሊቅ አውግስት ዲልማን እ.ኤ.አ. በ1857 ባሳተመው ሰዋስው የቀደደው መንገድ ነበር፤ ግሱን እንተነትናለን፣ ጽሑፉን እንተረጉማለን። ገድልና ዜና መዋዕል ማንበብ አላቃተኝም። ኋላ ለጥናት ወደ አንድ መሪጌታ ዘንድ ብሄድ፣ ጢም ያላወጣ ደቀ መዝሙራቸውን ጠርተው «እስቲ ለእንግዳችን አንድ ጉባኤ ቃና» አሉት። ልጁ ጥቂት አቀርቅሮ ሁለቱን ቤት ዘረፈ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። አንዲት ሐረግ እንኳ አልወጣኝም።

ግእዝ የአፍ መፍቻነቱ የቀረው ከብዙ ምዕት ዓመት በፊት ነው። ሆኖም በዋድላ፣ በጎንጅና በዋሸራ ጉባኤያት ስማቸው የገነነ መምህራን እስከ ዘመናችን ድረስ አዲስ ግእዝ የሚፈጥር ትውልድ አፍርተዋል። እንዴት ተቻለ? መልሱን የማገኘው በሥርዐተ ትምህርቱ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በአኗኗሩ ውስጥ ነው።

የቆሎ ተማሪው ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከወላጆቹ አገር ይርቃል፤ በየኔታ ደጅ ጎጆውን ይቀልሳል፤ ቁራሽ ለምኖ ያድራል። ግስና እርባ ቅምር ያጠናል። ከዚያ ቅኔ ይቆጥራል፤ ይኸውም ከሰው ተለይቶ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከወንዝ ዳር ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ያሰናዳል። ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያቃናሉ፣ ይነቅፋሉ። ከጉባኤ ቃና ወደ ዘአምላኪየና ሚ በዝኁ፣ እያለ ወደ መወድስ ይዘልቃል። ዋናው ነገር ግን የትናንቱ ቅኔ ለዛሬ አለማገልገሉ ነው። ተማሪው በየዕለቱ በሞተ በሚባል ቋንቋ ከዚህ በፊት ያልተባለ ነገር የማለት ግዴታ አለበት። እኛ በዩኒቨርሲቲ የተነፈግነው ይህንን ግዴታ ነው።

ሕይወቱን ለማወቅ የሚሻ መንግሥቱ ለማ ከአባታቸው አንደበት ጽፈው በ1959 ዓ.ም. ያሳተሙትን የአለቃ ለማ ኃይሉን «መጽሐፈ ትዝታ» ያንብብ። ረኃቡም፣ ውሻውም፣ ጨዋታውም አለበት። ቤቱን ግን አላስውበውም። ተስቦ ብዙዎችን ፈጅቷል፤ አለንጋውም ቀላል አልነበረም፤ በሩም ለሴቶች የተዘጋ ያህል ነበር። ዐይነ ስውሯ የጎጃም የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በስም የሚጠሩት ከጥቂቶች አንዷ ስለሆኑ ነው።

በሕንድ ሳንስክሪትን በተመለከተ የተሄደበት መንገድ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በባንጋሎር የተጀመረው ሳምስክሪታ ባራቲ በ10 ቀን የንግግር ትምህርትና በአዳሪ ጉባኤ ሰዋስውን ወደ ጎን ብሎ «ይህ ምንድን ነው? ውሃ ስጠኝ» ከማለት ይነሣል። ድፍረትን በፍጥነት ይሰጣል፤ ጥልቀት መስጠቱን እጠራጠራለሁ። በ2011 የሕንድ ሕዝብ ቆጠራ ሳንስክሪት የአፍ መፍቻዬ ነው ያሉት 24,821 ነበሩ። የእኛ ቅኔ ቤት ግልባጩ ነው፦ መወድስ የሚዘርፈው ሊቅ ውሃ የሚጠይቀው በአማርኛ ነው። ዕብራይስጥ ከሁለቱም የተለየው ቤን ይሁዳ እ.ኤ.አ. በ1881 ፍልስጥኤም ገብቶ ልጁን ከመጀመሪያው በዚያው ቋንቋ በማሳደጉ፣ ልሳኑ ወደ ጓዳ በመግባቱ ነው።

ይህን ሁሉ በሚዛን ተፈሪ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በበበቃና በቴፒ የቡና እርሻዎች ከየአቅጣጫው የመጣ ሠራተኛ አማርኛን ያለ መምህር፣ ቡና እየለቀመ ለምዷል። መኖርና እንጀራ ያስተምራሉ። ያው ኃይል ግን በተቃራኒውም ይሠራል። ከቴፒ ወዲያ በሸካ ደን ውስጥና ዳርቻ የሚኖሩት፣ በአደንና በማር የሚታወቁት ቻቡዎች ቋንቋቸውን የሚናገሩት በጥቂት መቶ ቢቆጠሩ ነው። ብዙ የሥነ ልሳን ሊቃውንት ቋንቋውን ዘመድ የለሽ ይሉታል። ልጆቹ ወደ መዠንገርኛና ወደ ሸክኛ እያዘነበሉ ነው፤ ከእነዚህ ውጭ ገበያ አይገባምና።

የእኛ ልማድ መቅረጸ ድምፅ ይዞ መሄድ፣ ቃላት መልቀም፣ መመለስ ነው። እኔም አድርጌዋለሁ። የተሰበሰበው ቃል ግን በእኔ መደርደሪያ እንዳለው ግእዝ ነው፤ ይነበባል፣ አይወልድም። የቻቡ ሽማግሌ እንደ የኔታ ተከብረው፣ ቀለብ ተቆርጦላቸው፣ ልጆች በዙሪያቸው አድረው በቋንቋው በየዕለቱ አዲስ ነገር እንዲናገሩ የሚገደዱበት አንድ ጎጆ ለመቀለስ የሚያስፈልገው ወጪ ከአንድ የመስክ ጥናት በጀት አይበልጥም። የሚከብደው ደኑ ነው። የቀፎውና የአበባው ስም የሚነገረው ቀፎው በተሰቀለበት ዛፍ ሥር ነው፤ ዛፉም በየዓመቱ ለቡናው ቦታ እየለቀቀ ነው።