ሁለት ሰው በአንድ መልክ

«ትዊን ድራገንስ» (መንታ ዘንዶዎች) እ.ኤ.አ. በ1992 ሆንግ ኮንግ ውስጥ ለእይታ የበቃ የማርሻል አርት ኮሜዲ ፊልም ነው። ያዘጋጁት ትሱይ ሃርክና ሪንጎ ላም ሲሆኑ፣ ሁለቱንም መንትዮች ሆኖ የሚተውነው ጃኪ ቻን ነው። ማጊ ቸንግና ኒና ሊ ቺም አብረውት ይተውናሉ። ፊልሙ የተሠራው ለሆንግ ኮንግ የፊልም ዳይሬክተሮች ማኅበር ገቢ ለማሰባሰብ ስለነበር፣ በርካታ ዳይሬክተሮች በትንንሽ ሚናዎች ብቅ ይሉበታል። አሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የደረሰው በ1999 ነው።

ታሪኩ ሆስፒታል ውስጥ ይጀምራል። አንድ ወንጀለኛ ለማምለጥ ሲል ከአዲስ ተወላጆቹ መንትዮች አንዱን መያዣ አድርጎ ይሸሻል፤ ሕፃኑም በዚያው ይጠፋል። ወላጆቹ ሁለተኛውን ይዘው ወደ አሜሪካ ያቀናሉ። እሱ ታዋቂ ፒያኒስትና የኦርኬስትራ መሪ ሲሆን፣ የጠፋው ሆንግ ኮንግ ውስጥ መካኒክና ጠብ የማይፈራ ጎረምሳ ሆኖ ያድጋል። ሙዚቀኛው ለኮንሰርት ሲመጣ ትርምሱ ይፈጠራል። ወሮበሎች ሙዚቀኛውን ለድብድብ ይፈልጉታል፤ መካኒኩ ደግሞ ኖታ ሳያውቅ ኦርኬስትራ ፊት ይቆማል። በዚያ ላይ የአንዱ አካል እንቅስቃሴ ወደ ሌላው ይተላለፋል።

እኔ ሕግ የተማርኩ ሰው ነኝና ከሳቁ ጋር ሌላ ነገር ይታየኛል። በፊልሙ ውስጥ ፍቅረኛም ወሮበላም «እሱ ነው» የሚለው በቅን ልቦና ነው። ሁሉም ግን ተሳስቷል። ውሸታም ምስክር በመስቀለኛ ጥያቄ ሊጋለጥ ይችላል፤ በቅንነት የተሳሳተ ምስክር ግን አይንተባተብም። እንግሊዝ ውስጥ አዶልፍ ቤክ የተባለ ሰው፣ የተታለሉ ሴቶች «እሱ ነው» ብለው ስለመሰከሩበት፣ ሌላ ሰው በፈጸመው ማጭበርበር በ1896 ተፈርዶበት ታስሯል። በ1904 በተመሳሳይ ክስ ዳግመኛ ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ነው እውነተኛው አጭበርባሪ የተያዘው። ጉዳዩ በ1907 ለወጣው የእንግሊዝ የወንጀል ይግባኝ ሕግ አንዱ ምክንያት ሆኗል። ቤክ ደግሞ ለዚያ ሰው መንትያው አልነበረም።

በተለመደው የዲኤንኤ ምርመራ እንኳ አንድ ዓይነት መንትዮችን መለየት አይቻልም፤ የጣት አሻራቸው ግን ይለያያል። ፊልሙን ለመዝናናት እዩት። ፍርድ ቤት «በዓይኔ አይቼዋለሁ» የሚል ምስክር ሲቀርብ ግን ከምን ያህል ርቀት፣ በምን ብርሃን፣ ለስንት ደቂቃ አየኸው ብሎ መጠየቅ አይቅር። የአንድ ሰው ነፃነት በዚያ መልስ ላይ ያለ ነውና።