ባሕር ባሎቻቸውን የነጠቃቸው ሴቶች

ሄሱን አዲስ ሙሽራ ናት። ባሏ ሶንጉ ከመንደሩ ወንዶች ጋር ዓሣ ሊያጠምድ ወጣ፤ ማዕበል ተነሣና በዚያው ቀረ። ለመንደሩ ይህ አዲስ ሐዘን አይደለም። ባሕር ባሏን የወሰደባት ሴት እዚያ ብዙ ናት።

ይህን ታሪክ የሚተርከው «የባሕር ጠረፍ መንደር» የተሰኘው ጥቁርና ነጭ የኮሪያ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1965 ለእይታ ሲበቃ ዳይሬክተሩ ኪም ሱዮንግ ነበር። መነሻው ደራሲው ኦ ዮንግሱ በ1953 ያሳተመው አጭር ልቦለድ ነው። ቀረጻው የተካሄደው ከቡሳን ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ በሚገኘው በጊጃንግ ጠረፍ ነው። በ1951 ለኮሪያ ጦርነት የዘመተው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ ከመርከብ የወረደውም በዚሁ በቡሳን ወደብ ነበርና ስፍራው ለእኛም ጨርሶ ባዕድ አይደለም።

የፊልሙ ድፍረት ያለው ከሐዘኑ በኋላ በሚመጣው ነገር ላይ ነው። መበለቶቹ አሸዋው ላይ ተሰብስበው ይጫወታሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ አንዷ በሌላዋ ላይ ትደገፋለች፤ የወንድ ናፍቆታቸውንም እርስ በርስ አይደባበቁም። በልቦለዱ ደግሞ መንደርተኛው ተሰልፎ የዓሣ መረብ ሲጎትት አንድ እጅ በጨለማ የሄሱንን እጅ ጨብጦ ይይዛል። ሥራውና ፍላጎቱ በአንድ ገመድ ላይ ይገናኛሉ። ድሃ ሴት ለብቻዋ የምትሆንበት ጓዳም ሆነ ጊዜ እንደሌላት ከዚህ በላይ የሚያሳይ ትዕይንት ማግኘት ይከብዳል።

ሳንግሱ የተባለው ጎልማሳ ሄሱንን አጥብቆ ይፈልጋታል። ወሬው መንደሩን ሲያዳርስ አማቷ ምራቷን አዋርዳ ታባርራለች ብሎ የሚጠብቅ ተመልካች ይሳሳታል። አሮጊቷ የልጅቷን ወጣትነት አይታ ከሰውየው ጋር እንድትሄድ ትፈቅድላታለች። ልጇን የቀበረችበት መቃብር እንኳ የሌላት እናት ናት ይህን የምታደርገው! ጎ ኡና ሄሱንን፣ ሺን ዮንግ ግዩን ሳንግሱን ሆነው ቢተውኑም የፊልሙን ልብ የተሸከመችው ይህች አማት ናት።

መጨረሻው ከመጽሐፉ ይለያል። በልቦለዱ ሳንግሱን የሚወስደው የጃፓን ቅኝ ገዢዎች የግዳጅ ሥራ ነው፤ በፊልሙ ግን ከገደል ወድቆ ይሞታል። እዚህ ላይ መጽሐፉ ይበልጣል፤ የሄሱንን ሁለተኛ መከራ ያመጣው ዕድል ሳይሆን አገዛዝ መሆኑን ይናገራልና። በሁለቱም ሄሱን ወደ ባሕሩ ትመለሳለች፤ የመንደሩ ሴቶችም ደጃቸውን አይዘጉባትም።

ፊልሙ ተወዳጅ ሆነ። ከዚያ በኋላ የኮሪያ ፊልም ሠሪዎች ወደ ሥነ ጽሑፍ ይበልጥ ፊታቸውን አዞሩ፤ መንግሥት ለተመረጡ፣ በተለይም ከሥነ ጽሑፍ ለተወሰዱ ፊልሞች አምራቾች የውጭ ፊልም የማስገባት ፈቃድ በሽልማት መልክ ይሰጥ ስለነበር ገበያውም ገፋፍቷቸዋል። ኪም በ1967 ብቻ 10 ፊልሞችን ሠራ። ከእነዚያ አንዱ፣ ከኪም ሱንጎክ አጭር ልቦለድ የተወሰደው «ጭጋግ»፣ ዛሬም ከምርጦቹ ጋር ይቆጠራል። ዳይሬክተሩ በ2023 ሲያርፍ 109 ፊልሞችን ትቶ ነበር።